የግል የቴራፒ ሥራዎ እንዲዘልቅ መጀመሪያ ሰዓትዎን ይወስኑ

ጥያቄ፦ «የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። ለዓመታት ተቀጥሬ ከሠራሁ በኋላ የራሴን የቴራፒ አገልግሎት ከፈትኩ። አሁን ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ደንበኛ አላጣሁም። ግን ገቢዬ አንዱን ወር ሞልቶ ሌላውን ወር ይጎድላል። ቀጠሮ የሚሰርዙ ብዙ ናቸው። ማታ ቤት ስገባ ከቤተሰቤ ጋር ለማውራት እንኳን አቅም የለኝም። ዋጋ ልጨምር ስል ደግሞ ‹በሰው ጭንቀት ልነግድ ነው?› የሚል ሐሳብ ይይዘኛል። በዚህ አያያዝ ብዙ የምቆይ አይመስለኝም። ከየት ልጀምር?»

መልስ፦

ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። «ሰው አይመጣም» የሚል ቃል የለበትም። ብዙ ባለሙያ የግል ሥራ ሲከፍት እንቅልፍ የሚያጣው በእሱ ነው። እርስዎ ያንን አልፈውታል። የቀረው የአሠራር ችግር ነው፤ አሠራር ደግሞ ይስተካከላል።

የግል ቴራፒ ሥራ የሚዘልቀው በአንድ ቁጥር ነው ብዬ አምናለሁ። በሳምንት ስንት ሰው በሙሉ ቀልብዎ መስማት ይችላሉ? ዋጋው፣ የቀጠሮ ደንቡ፣ የሚቀበሏቸው ሰዎች ዓይነት፣ ሁሉም ከዚህ ቁጥር በኋላ ይመጣል። አብዛኞቻችን ግን ገልብጠን እንጀምራለን። ሌሎች የሚያስከፍሉትን አይተን ዋጋ እንቆርጣለን። ከዚያ ወጪው እስኪሸፈን ድረስ ሰው እንጨምራለን። ወጪው ሲሸፈን ባለሙያው አልቋል።

አንድ ሴሽን፣ ማለትም ከደንበኛ ጋር የሚደረግ አንድ ቆይታ፣ 50 ደቂቃ ነው እንላለን። ከዚያ በፊት ግን ያለፈውን ማስታወሻ ማየት አለ። ከዚያ በኋላ መጻፍ አለ። ስልክ፣ የቀጠሮ መልእክት፣ ደንበኛውን የላከውን ሐኪም ማነጋገር፣ ደረሰኝና ሂሳብ አለ። በቀላሉ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። 25 ሴሽን ማለት እንግዲህ በሳምንት ከ37 ሰዓት በላይ ነው። ሱፐርቪዥን (ሥራዎን ከሌላ ባለሙያ ጋር መገምገም)፣ ንባብና ስልጠና ገና አልተቆጠሩም።

ክብደቱም አለ። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ወጣት፣ ከባድ ጥቃት የደረሰባት ሴት፣ ልጁን በቅርቡ የቀበረ አባት በአንድ ከሰዓት ተከታትለው ከመጡ፣ ሦስት ሴሽን ብሎ መቁጠር ራስን ማታለል ነው። ስለዚህ ቀጠሮ ሲይዙ ሰዓቱን ብቻ አይዩ፤ ከማን ቀጥሎ ማን እንደሚመጣም ይዩ። ከባድ የሆነ ሴሽን ካለቀ በኋላ ቢያንስ 20 ደቂቃ ክፍት ይተዉ። አዲስ ሰው የሚቀበሉበትን ሰዓት ደግሞ ለቀኑ መጀመሪያ ያድርጉት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያገኙትን ሰው መስማት ብዙ ጉልበት ይጠይቃል።

ማታ ማውራት ያቅተኛል ያሉትን በቀላሉ አላልፈውም። የሥነ ልቦና ባለሙያው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ በርንአውት (ሥራ ስለሚያመጣው መሟጠጥ) የጻፈው በነፃ ክሊኒኮች ውስጥ የሚደክሙ ሰዎችን አይቶ ነው። እነዚያ ሰዎች ለሥራቸው ግድ የሌላቸው አልነበሩም፤ ልባቸውን የሰጡ ነበሩ። ከዚያ ተመራማሪዎቹ ክርስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1981 የበርንአውት መለኪያ ሲያወጡ ሦስት ነገር ለዩ። አንዱ የስሜት መሟጠጥ ነው። ሁለተኛው ለሚረዱት ሰው ቀዝቃዛ መሆን ነው። ሦስተኛው «ምንም አልፈየድኩም» የሚል ስሜት ነው። እኔ አብልጬ የምፈራው ሁለተኛውን ነው። የደከመ ሰው ያርፋል። ደንበኛው ቀጠሮ ሲሰርዝ ደስ የሚለው ባለሙያ ግን ድካሙ ወደ ሥራው ጥራት ገብቷል ማለት ነው። ይህ ምልክት በእርስዎ ላይ ካለ ዛሬውኑ አዲስ ሰው መቀበል ያቁሙ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው የበሽታዎች ምደባው በርንአውትን በሽታ አይለውም። በሥራ ቦታ ለረዥም ጊዜ ከቆየና በአግባቡ ካልተያዘ ጭንቀት የሚመጣ ክስተት ይለዋል። ይህ ለእኛ ጠቃሚ ነው። ምንጩ ሥራው ከሆነ፣ የሳምንት መጨረሻ እረፍት ብቻውን አይበቃም። ሥራው ራሱ መቀየር አለበት።

ቁጥርዎን የሚያገኙት በግምት አይደለም። ለአንድ ወር እያንዳንዱ ሴሽን ሲያልቅ፣ ሌላ ነገር ሳይነኩ፣ አንድ ነገር ይጻፉ፦ ቀልቤ እዚያው ነበር ወይስ ሄዶ ነበር? ከ0 (ሄዶ ነበር) እስከ 3 (ሙሉ በሙሉ እዚያው ነበር) ነጥብ ይስጡት። ከጎኑ የቀኑ ስንተኛ ሴሽን እንደነበረ ያክሉ። ወሩ ሲያልቅ ነጥቡ ከየትኛው ሴሽን በኋላ እንደሚወርድ በዓይንዎ ያዩታል። ለአንዱ ከአራተኛው በኋላ ነው፤ ለሌላው ከስድስተኛው በኋላ። የሌላ ሰው ቁጥር ለእርስዎ አይሠራም። ነጥቡ ከወረደበት በፊት ያለው ላይ ያቁሙ። ይህን የቀን ቁጥር በሳምንት በሚሠሩባቸው ቀናት ሲያባዙት የሳምንቱ ቁጥርዎ ይወጣል። በቀኑ መጨረሻ የሚመጣው ሰው የሚከፍለው ከሌሎቹ እኩል ነው። የደከመ ጆሮ ለእሱ መስጠት ተገቢ አይደለም።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ጥሩ ባለሙያ ይሰናከላል። ለምሳሌ ቁጥርዎ በሳምንት 18 ሆነ እንበል። ዓመቱ 52 ሳምንት ነው። አምስት ሳምንት እረፍት ይቀንሱ። ሁለት ሳምንት ለህመምና ለቤተሰብ ጉዳይ፣ አንድ ሳምንት ለስልጠና ይቀንሱ። 44 ሳምንት ይቀራል። 18 ሲባዛ በ44፣ 792 ሴሽን ነው። ከአሥሩ አንዱ ተሰርዞ ሳይከፈልበት ይቀራል ብለው ይያዙ። 713 ገደማ ይቀርዎታል። የዓመት ገቢዎ የሚመጣው ከእነዚህ 713 ሴሽኖች ነው።

ከዚያ በሌላ ወረቀት ላይ ዓመቱን የሚያስፈልግዎትን ሁሉ ይደምሩ። ለራስዎ የሚከፍሉት ደሞዝ፣ ኪራይ፣ ስልክና ኢንተርኔት፣ የሙያ ፈቃድ እድሳት፣ ኢንሹራንስ፣ ሱፐርቪዥን፣ ስልጠና፣ የሂሳብ ባለሙያ፣ ግብር፣ ለጡረታ የሚያስቀምጡት፣ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጡት። ተቀጥረው ሲሠሩ ጡረታውንም፣ የህመም ፈቃዱንም፣ ወንበሩንም የሚያስብልዎ ሌላ አካል ነበር። አሁን ሁሉም በእርስዎ ላይ ነው። ድምሩን ለ713 ያካፍሉት። የሚመጣው ትክክለኛ ዋጋዎ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሂሳብ ሳያውቀው ሌላ ሂሳብ ይሠራል። «በሳምንት 25 ሰው አያለሁ፣ ዓመቱ 52 ሳምንት ነው» ይላል። 1,300 ይሆናል። በዚያ ካካፈለ የሚያገኘው ዋጋ ከሚያስፈልገው ግማሹን ትንሽ የሚበልጥ ነው። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ጉድለቱን ለመሙላት ይሮጣል። እረፍት ሲወጣ ይከስራል፤ ሲታመም ይከስራል። የእርስዎ ወር ሞልቶ ወር የሚጎድለው አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል።

የወጣው ዋጋ ሰው ሊከፍለው ከሚችለው በላይ ከሆነስ? ያኔም ሰዓት መጨመር የመጨረሻው ምርጫ ይሁን። ቢሮውን ከሌላ ባለሙያ ጋር በቀን ተካፍሎ መከራየት ይቻላል። የቡድን ቴራፒ ስልጠና ካለዎት እሱን ይክፈቱ። ስምንት ሰዎች እያንዳንዳቸው የግል ሴሽንን ሲሶ ከፍለው ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢቀመጡ፣ ገቢው ከሁለት ሴሽን ተኩል ይበልጣል። ለሰዎቹም ይረክሳል። ለአንዳንድ ችግር፣ በተለይ ለሐዘንና ከሰው ጋር ለመቀራረብ ለሚቸገሩ፣ ቡድኑ ራሱ ትልቅ መድኃኒት ነው። ሳይሠለጥኑ ግን አይግቡበት። ጀማሪዎችን ማሠልጠንም አለ። በሳምንት ሁለት ቀን ተቀጥሮ መሥራትም አለ፤ ይህን ሽንፈት አድርገው አይዩት። ቋሚ ገቢ ያለው ባለሙያ በግል ሥራው ላይ አይቸኩልም።

አሁን ወደ ህሊናዎ ጥያቄ። «በሰው ጭንቀት ልነግድ ነው?» ብለዋል። ይህ ጥያቄ መነሳቱ ጥሩ ሰው መሆንዎን ያሳያል፤ መልሱ ግን ዋጋን ማርከስ አይደለም። ይሉኝታ ዋጋ ሲተምን ሁለት ሰው ይጎዳል። አንዱ እርስዎ ነዎት። ሌላው እርስዎ ሥራውን ትተው ሲሄዱ መሀል መንገድ ላይ የሚቀረው ደንበኛ ነው።

የሥነ ልቦና ትንተና መሥራቹ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1913 ህክምና ስለመጀመር በጻፈው ጽሑፍ፣ ሰዎች የገንዘብን ነገር እንደ ወሲብ ነገር ሸፋፍነው እንደሚይዙት ይናገራል። ሐኪሙ ግን ስለ ገንዘብ በግልጽ እንዲያወራ ይመክራል። በዚያው ጽሑፍ ለአሥር ዓመት ያህል በቀን አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት ለነፃ ህክምና መድቦ እንደነበር ይገልጻል። ስለ ነፃ ህክምና የደረሰበትን ድምዳሜ ሁሉ አልቀበልም። አመዳደቡ ግን ያስተምረኛል። ቸርነቱ ቦታ ነበረው፤ ልክም ነበረው።

እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። ከ18ቱ ሦስቱን ወይም አራቱን በቅናሽ ለሚከፍሉ ይመድቡ። የቅናሹን መጠን አስቀድመው ይወስኑ። ቦታዎቹ ከሞሉ ተራ ጠባቂ መዝግበው ሌላ አገልግሎት ይጠቁሙ። ይህን ካላደረጉ ቅናሹን የሚያገኘው የበለጠ የቸገረው ሳይሆን አፍ አውጥቶ የጠየቀው ይሆናል። ዝም ብሎ ከቀለቡ ቀንሶ የሚከፍለው ሰው ይረሳል።

ለነባር ደንበኞች ሲጨምሩ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቀድመው ይንገሩ። በሴሽኑ መጀመሪያ ላይ ይሁን፤ ሰውየው ኮቱን እያነሳ ሳለ አይሁን። ከባድ ቀውስ ውስጥ ያለ ሰው ካለ ለእሱ ያቆዩለት። ከተናገሩ በኋላ ምክንያት አይደርድሩ። «ከዚህ ቀን ጀምሮ ክፍያው ይህን ያህል ይሆናል፤ ምን ተሰማዎት?» ይበቃል። ቢናደድም፣ ቢያፍርም፣ ቢጨነቅም ስሜቱ የቴራፒው አካል ነው፤ ይሰማ።

የሚሰረዙት ቀጠሮዎች ላይ ደግሞ ደንብ ያስፈልግዎታል። በጽሑፍ ይሁን። በመጀመሪያው ቀን በቃልም ይነገር። 24 ወይም 48 ሰዓት ሳይቀረው የተሰረዘ ቀጠሮ ሙሉ ወይም ግማሽ ይከፈልበታል ማለት በሙያው የተለመደ ነው። የማይከፈልባቸውን ምክንያቶች አስቀድመው ይወስኑ፤ ድንገተኛ ህመምና ሞት ለምሳሌ። ደንቡ ሲከብድዎት የሚጥሉት፣ ሲናደዱ የሚያነሱት ከሆነ ባይኖር ይሻላል። ደንበኛው የእርስዎን ስሜት ሊጠብቅ አልመጣም። አንድ ሰው ደጋግሞ ሲሰርዝ ከክፍያው በፊት ስለ መቅረቱ ራሱ ያነጋግሩት። ብዙ ጊዜ ያለፈው ሴሽን የሚያም ነገር ነክቷል።

የሚገባውን ገንዘብ ሁሉ በአንድ ሂሳብ ያስገቡት። ከዚያ ለራስዎ በየወሩ አንድ ዓይነት ደሞዝ ይክፈሉ። ወሩ ሲሞላ አይጨምሩ፤ ሲጎድልም አይቀንሱ። የግብሩን ድርሻ በገባበት ቀን ወደ ሌላ ሂሳብ ያዙሩት፤ የእርስዎ ገንዘብ አይደለም። ቀስ በቀስ የሦስት ወር ወጪ እስኪጠራቀም ይቆጥቡ። ይህ ቁጠባ ለሂሳብ ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስልዎት። ኪስ ሲሳሳ ባለሙያው ሳያውቀው የዳነውን ሰው ማቆየት ይጀምራል። ሊጠየቅ የሚገባውን ከባድ ጥያቄ ይተዋል፤ ደንበኛው ይቀየማል ብሎ ይፈራል። ለሌላ ባለሙያ መላክ ያለበትን ሰው ይዞ ይቀመጣል። እነዚህን ሁሉ ቅን ሰዎች ሲያደርጓቸው አይቻለሁ። ቁጠባ ያለው ቴራፒስት «እኔ ጋር ያለው ሥራ አልቋል» ማለት ይችላል።

እግረ መንገዴን ስለሚጀምሩና ስለሚያቋርጡ ሰዎች ላንሳ። ተመራማሪዎቹ ስዊፍትና ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ2012፣ 669 ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ ከአምስት ደንበኞች አንዱ ያህል ቴራፒውን ሳይጨርስ እንደሚያቋርጥ አገኙ። ተመራማሪው ኬኔት ሃዋርድና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 ግማሽ ያህሉ ሰው በስምንተኛው ሴሽን፣ ሦስት አራተኛው በ26ኛው ሴሽን አካባቢ መሻሻል እንደሚያሳይ አስልተው ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ያድርጓቸው። በሦስተኛው ሴሽን የጠፋው ሰው ለውጥ ከማየቱ በፊት ሄዶ ሊሆን ይችላል። ባለሙያው ደግሞ ማስታወቂያ ለማስነገር ይሮጣል። ከማስታወቂያው በፊት ይህ ክፍተት ይታይ።

የሥነ ልቦና ባለሙያው ኤድዋርድ ቦርዲን እ.ኤ.አ. በ1979 የባለሙያና የደንበኛ ትስስር በሦስት ነገር እንደሚቆም ጽፏል። በግቡ መስማማት፣ በሚሠራው ሥራ መስማማትና በመሀል ያለው መተማመን። እኛ መተማመኑ ላይ ጎበዞች ነን። ግቡን ግን በግልጽ ሳናወራ ብዙ እንሄዳለን። በመጀመሪያው ሴሽን መጨረሻ «ከዚህ ምን ይዘው ቢወጡ ‹መምጣቴ ጠቀመኝ› ይላሉ?» ብለው ይጠይቁ። በአራተኛው ላይ ቆም ብለው «የጠበቁትን እያገኙ ነው? ምን ልቀይር?» ይበሉ። መልሱን ሳይከላከሉ ይስሙ።

ደንበኛው የሚሞላው አጭር የጥያቄ ወረቀት፣ ማለትም መለኪያም ይጠቀሙ። ፒኤችኪው-9 ለድብርት፣ ጂኤዲ-7 ለጭንቀት ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስዱት። የፒኤችኪው ዘጠነኛ ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ስለሆነ ሰውየው ከመውጣቱ በፊት ይታይ። የቴራፒ ተመራማሪው የማይክል ላምበርትና የባልደረቦቹ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ቴራፒስቶች ደንበኛቸው እየባሰበት መሆኑን በግምት ብቻ ለመለየት ይቸገራሉ። ወረቀቱ እኛ ያላየነውን ያያል። በጊዜ ካወቅን እናስተካክላለን፤ ሰውየውም አይጠፋም።

አዳዲስ ሰዎችን ስለማግኘት አጭር ልሁን፤ የእርስዎ ዋና ችግር እሱ አይደለም። ለሁሉም ነገር ከመሆን ይልቅ በሁለት ወይም በሦስት ችግር ላይ ይታወቁ። ሐኪም የሚልከው ስም «ለእንቅልፍ ማጣት እሱ»፣ «ከወሊድ በኋላ ላለ ድብርት እሷ» ተብሎ በአእምሮው የተቀመጠውን ነው። ሰው ሲላክልዎ በደንበኛው ፈቃድ አጭር ምስጋናና መልስ ይላኩ። ደንበኞችዎን ስለ እርስዎ ምስክርነት እንዲጽፉ አይጠይቁ። እምቢ ለማለት አይመቻቸውም፤ ምስጢራቸውም ይወጣል። ለላከልዎ ሰው ኮሚሽን አይክፈሉ።

የመጨረሻው ነገር ብቻዎን መሆንዎ ነው። ተቀጥረው ሳሉ ከከባድ ሴሽን በኋላ ኮሪደር ላይ የሚያገኙት ባልደረባ ነበር። አሁን በሩ ሲዘጋ ክፍሉ ውስጥ የቀረው ሁሉ ከእርስዎ ጋር ቤት ይገባል። የማታው ዝምታዎ ከፊሉ ከዚህ ይመስለኛል። ሱፐርቪዥን ልምድ ላለው ሰው አያስፈልግም የሚሉ አሉ። አልስማማም። በወር ሁለት ጊዜ ከሱፐርቫይዘር ጋር፣ ወይም በሚያምኗቸው ሦስት አራት ባልደረቦች ቡድን ውስጥ፣ የደንበኞች ማንነት ሳይገለጥ የሚያስጨንቅዎትን ሥራ ይዘው ይቀመጡ። በፕሮግራም ይሁን፤ «ሲመቸን» የተባለ ቡድን አይሰበሰብም። ሰዓቱን ከሥራ ሰዓትዎ ላይ ይቁረጡት፤ ክፍያውን ቀደም ሲል ዋጋው ውስጥ አስገብተነዋል። የራስዎ ቴራፒስት ቢኖርዎት ደግሞ እሰየው።

ከእነዚሁ ባልደረቦች አንዱን ሌላ ነገር ይጠይቁት። ድንገት ቢታመሙ ወይም ቢሞቱ ለደንበኞችዎ ማን ይደውላል? ተቋም ውስጥ ቢሆን ሌላ ሰው ይረከባቸዋል። በግል ሥራ ግን አንድ የተጨነቀ ሰው ተዘግቶ የቀረ በር ላይ ቆሞ ሊቀር ይችላል። የሚረከበውን ባለሙያ በጽሑፍ ይሰይሙ። የቀጠሮ መዝገቡና ማስታወሻው የት እንደተቆለፈ፣ ቁልፉና የይለፍ ቃሉ በማን እጅ እንዳለ፣ መጀመሪያ ሊደወልላቸው የሚገቡት እነማን እንደሆኑ ይጻፉለት። የቤተሰብ አባል አይሁን፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው የሌሎችን ምስጢር ሊሸከም አይገባም። ደንበኞችዎም በመጀመሪያው ቀን በሚፈርሙት ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ሰው መሰየሙን ይወቁ። ዝርዝሩን በየስድስት ወሩ ያድሱት።